ልጁን ትቼ በእናቱ ቀናሁ፤ ምን ይሻለኛል?

በአንድ የበይነ መረብ መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ከነመልሶቹ፣ የተከፈተው በዚሁ ርዕስ ነው። የከፈተችው ኮምቦልቻ የምትሠራ ወጣት ናት። ብዙ ሰው ከክሩ የሚያውቀው የመግቢያውን የለቅሶ ታሪክ ብቻ ነው። እሱን ቆርጦ በየቴሌግራሙ እየተቀባበለ ሲስቅ ሰንብቷል። ከሥሩ የተጻፉትን 38 መልሶች እስከ መጨረሻ ያነበበ ግን ጥቂት ነው። በተራ በተራ ላወራችሁ የፈለግኩት ለዚህ ነው። የልጅቷ ጥያቄ የምር ጥያቄ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖርን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ልጅቷ ከገጠር መጥታ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተዋል። ፈረቃቸው ስለማይገጥም እሷ ስትገባ ሌሎቹ ይወጣሉ። ከሰው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ የምትውልበት ቀን ብዙ እንደሆነ ጽፋለች። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሏት ነበር። ማንም ሳያውቅ ታመመች፣ ማንም ሳያውቅ ዳነች።

ልጁ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው። ትውውቃቸው የጀመረው ሒሳብ አልቀበልም ብሏት ነው። ከዚያ መደወል አመጣ። እራቷን መብላት አለመብላቷን በየማታው የሚጠይቃት እሱ ብቻ ነበር። ፍቅር ሆነ። ውሎ ሲያድር ሽማግሌ እንዲልክ ጠየቀችው። ለጥቂት ቀን ድምፁን አጠፋ። ከዚያ እያለቀሰ ደወለ። እናቱ ሞተው መቀበራቸውን ነገራት። ዓመቱ ሳይወጣ የጋብቻ ወሬ ማንሳት እንደማይቻልም አከለበት። ቤቱ በለቅሶተኛ ስለተጨናነቀ እንዳትመጣ ለመናት። እሷም የቆጠበችውን አራግፋ በቴሌብር ላከችለት።

መቅረት ግን አልሆነላትም። ያፈቀረችው ሰው እናት ሞተው እንዴት ለቅሶ ሳትደርስ ትቅር? እሁድ ጠዋት ጥቁር ነጠላ ተውሳ፣ ዳቦ ይዛ፣ ቡናና ስኳር ቋጥራ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ወጣች። ደሴ ሸዋ በር ወርዳ በእሱ ስም እየጠየቀች የእናቱን ቤት አገኘች። ድንኳን አለመኖሩ ትንሽ ገርሟት ነበር። አጥሩ ጋ ስትደርስ እንደ ወጉ እየጮኸች ገባች።

ከቤት የወጡት እናትየው ራሳቸው ናቸው። ሙስበሃቸውን እንደያዙ። አንዲት የማያውቋት ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ ደረቷን እየደቃች፣ የልጃቸውን ስም እየጠራች ግቢያቸው ውስጥ ስታለቅስ አዩ። ምን ያስቡ? ልጃቸው ሐረጎ ላይ ከነመኪናው የተገለበጠ መሰላቸው። ጮኹ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የቅሬው (በወሎ የሰፈር ዕድር ነው) ሰብሳቢ ተጠሩ። ሴቶቹ እንጨትና ውሃ ማቅረብ ጀመሩ። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ ወደ ልጁ ደወለ። ስልኩ ተነሳ። ልጁ በሕይወት አለ። የለቅሶውን ድምፅ ሲሰማ ግን ወዲያው ዘጋው።

ነገሩ ገና ሳይጣራ ሁለተኛዋ ደረሰች። ሰኞ ገበያ ቅመም የምትሸጥ የደሴ ልጅ ናት። እሷም ጥቁር ለብሳለች፣ መሶብ ተሸክማለች፣ ከሩቅ ጀምራ እያለቀሰች ነው። ለካ እሷም ሽማግሌ ጠይቃው ኖሯል። ለካ ያው መርዶ ለእሷም ተነግሯት ኖሯል።

እናትየው ሲገባቸው ብዙ አልተናገሩም። ሁለቱንም ወደ ቤት አስገብተው ቡና ቆሉ። ልጁ ማታ መጣ፤ ደጃፉ ላይ የሁለቱን ጫማ ለይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አላደረም።

ኮምቦልቻዋ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሁዱ ትወጣለች። እናትየው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው የላቸውም፤ ያላቸው ይኸው ልጅ ብቻ ነው። የደሴዋ ቅርብ ስለሆነች በየቀኑ ትደርሳለች። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁን ከልቧ አውጥታዋለች። የሚያንገበግባት እናትየው የደሴዋን በቁልምጫ ሲጠሩ መስማት ነው። ረከቦቱ ፊት የደሴዋ ስትቀመጥ ሆዷ ይብሳል። በሰው እናት መቅናት ነውር እንደሆነ፣ መሄዷን ብትተው ይሻል እንደሆነ ምክር ጠየቀች።

ከጽሑፏ መካከል ብዙ አንባቢ የዘለለው ቦታ አለ። ያን ቀን እውነቱ ሳይወጣ የቅሬው ሴቶች ደግፈው አስቀመጧት። ጋቢ ደረቡላት፣ ውሃ አጠጧት፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። ኮምቦልቻ ከገባች ጀምሮ ሰው እጇን ይዟት እንደማያውቅ የጻፈችው እዚያ ላይ ነው። በዚያች ክፍል ብትሞት ማን እንደሚቀብራት ያሰበችውም እዚያው ቁጭ ብላ ነው። እኔ መልሶቹን ሁሉ ያነበብኩት ይህን ይዤ ነው። ልጁ በሞት ዋሸ፣ እሷ በዚያ ውሸት መሃል ቤተሰብ አገኘች። የምትቀናው ይህን ቤተሰብ እንዳትነጠቅ ፈርታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከ1 እስከ 7

1ኛው መላሽ ትሑት ነው። አብሽሪ ብሏት ጀመረ። ነውሩ የዋሸው ልጅ እንደሆነ በጥሩ ቃል አስረዳት። 2ኛዋ ተስማምታ የራሷን ጨመረች። የቀድሞ ጓደኛዋ ስልክ ላለማንሳት ሆስፒታል ተኝቻለሁ ብሏት፣ ብርቱካን ይዛ ክፍል ለክፍል ስትዞር ውላለች። በኋላ ብርቱካኑን ጠያቂ ለሌላቸው በሽተኞች አከፋፍላ ተመለሰች። 3ኛው የሳቅ ምልክት ደርድሮ ሄደ። 4ኛው ገሠጸው። ልክ ነበር።

5ኛው ሕግ የተማረ ነው። በቴሌብር የተላከው ገንዘብ በወንጀል ሊያስጠይቅ እንደሚችል አብራራ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ስለ አታላይነት ይደነግጋል። በሐሰት ነገር ሰውን አሳስቶ ጥቅም ያገኘ ሰው የሚቀጣው በእሱ ነው። የቴሌብሩ መልእክት ማስረጃ ስለሆነ እንዳታጠፋው መከራት። ጠቃሚ ምክር ነው፤ ሌላም ሰው ሊይዘው ይገባል።

6ኛዋ ግን ያልታሰበ ነገር አነሳች። ክስ ከተከፈተ ዋናዋ ምስክር እናትየው ናቸው። ችሎት ቆመው አለመሞታቸውን በአንድ ልጃቸው ላይ ሊመሰክሩ ነው። ልጅቷ ይህን ልታደርግባቸው ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። 7ኛዋ ራሷ ከፋቿ ናት። እንደማትከስ በአጭሩ መለሰች። እናትየው ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ሊሰጧት ሲሉ እንዳልተቀበለችም ነገረችን።

ከ8 እስከ 12

8ኛው በዚያው መስመር የሚነዳ ሾፌር ነው። መጀመሪያ አንድ እርማት አመጣ። ረዳት ሒሳብ አልቀበልም ሲል የራሱን እየሰጠ አይደለም፤ ማታ ለባለ መኪናው የሚቆጠረው ገንዘብ ነው የሚጎድለው። ፍቅሩ ከመጀመሪያውም በሰው ኪስ እንደነበር ሊላት ፈልጎ ነው። ቀጥሎ ወደ ሐረጎ ሄደ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ይጠጋል። ይህ ሁሉ ከፍታ በዚያች አጭር መንገድ ነው የሚወጣው፤ ጠመዝማዛውም የሚበዛው ሐረጎ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ በቀን መብራት አብርተው ይነዳሉ። ደሴ ውስጥ የሾፌርና የረዳት እናት ሁሉ ጆሮዋ ስልክ ላይ እንደሚያድር ጻፈ። እናትየው ጥቁር የለበሰች ልጅ ሲያዩ ለምን ሐረጎን እንዳሰቡ የገባኝ በዚህ መልስ ነው።

9ኛውና 10ኛው ከሾፌሩ ተነስተው ወደ ደሴ ብርድና ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ነጎዱ። የየትኛው ከተማ ሰው እንግዳ ይቀበላል በሚለው ተከራከሩ። ማንም አላሸነፈም።

11ኛዋ የክሩን ድምፅ ቀየረችው። ልጅቷ ክብሯን የጣለች እንደሆነች ጻፈች። ባል እንጂ እናት ፍለጋ በየሰው ቤት መዞር የደካማ ሥራ ነው አለች። ከገጠር የሚመጡ ልጆች በትንሽ ነገር እንደሚታለሉም ጨመረች። ይህ መልስ በጣም አናደደኝ። አሁንም ያናድደኛል።

12ኛዋ አልማረቻትም። የፓርኩ ሠራተኛ ናት። ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ከወሎ ገጠር የመጡት ልጆች ስንት እንደነበሩ ታውቃለች። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ እንዴት እንደተበተኑም ታስታውሳለች። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ስትመለስ አንዳንዶቹ ተመለሱ። ወዲያው በታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል (አጎዋ) ተሰረዘች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚላከው ልብስ ቆመ፣ ሥራም ቀነሰ። ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ያደሩት ልጆች ግማሾቹ አረብ አገር ናቸው፤ የሌሎቹ ስልክ አይሠራም። እንዲህ የኖረች ልጅ አንዲት እናት ቡና ስታፈላላት መውደዷ ደካማነት ከሆነ፣ 11ኛዋ መጥታ አንድ ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ሠርታ እንድታየው ጋበዘቻት። 11ኛዋ ከዚያ በኋላ አልጻፈችም።

ከ13 እስከ 18

13ኛው የሃይማኖት ትምህርት እንዳለው ያስታውቃል። በትሕትና አንድ ነገር አረመ። የእናትየው ቤት የሙስሊም ቤት ከሆነ፣ በእስልምና ለዘመድ ሐዘን ከ3 ቀን አያልፍም። ሚስት ለባሏ ብቻ 4 ወር ከ10 ቀን ትቆያለች። ስለዚህ ዓመት መጠበቅ የሚባለው የልጁ ሰበብ ከሃይማኖቱ የመጣ አይደለም። አንድ ሙስሊም ጎረቤት ብትጠይቅ ኖሮ ትጠረጥር ነበር።

14ኛዋ በሌላ በኩል መጣች። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ሲኖር ወጉም ተቀላቅሏል። የጎረቤት ለቅሶ ካለ እንኳን ሠርግ የሚያዛውር ሰው አለ። ልጅቷ ዓመት ሲባል ማመኗ አይገርምም። 13ኛው በ15 ተመልሶ ትክክል መሆኗን ተቀበለ፣ አመሰገናትም። በበይነ መረብ ክርክር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል።

16ኛው ግን ሃይማኖቱን ወደ ጸብ ወሰደው። ልጅቷ ክርስቲያን እንደሆነች ከጽሑፏ ያስታውቃል። ክርስቲያን ልጅ በየእሁዱ ሙስሊም ቤት ምን ትሠራለች የሚል ነው ነገሩ። ቃሉን አልደግመውም። 17ኛው የራሱን ቤት አነሳ። አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን ናቸው። በሁለት ድስት ሥጋ እየተሠራ፣ ረመዳንም ሁዳዴም እየተጾመ አድጓል። 16ኛው የእሱን ቤት እንዲያፈርስለት እንደማይፈቅድ ቁጣ ባለበት ቃል ጻፈ። በ18 የመድረኩ ኃላፊ ገብቶ አስጠነቀቀ።

ከ19 እስከ 23

19 ላይ ከፋቿ ተመለሰች። እንደተገፋች የሚያሳዩ ያለቻቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ጻፈች። የደሴዋ ከእናትየው ጎን ቆማ ትሰግዳለች፣ እሷ ያን ጊዜ በረንዳ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። አቦሉን የምትቀዳው የደሴዋ ናት። ምርቃቱ ሲደርስ የእናትየው እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ደሴዋ ይመስላታል። በየእሁዱ የሚቀርበው ደግሞ ሽሮ ነው። ሥጋ ወጥ ቀርቦላት አያውቅም።

20ኛዋ እድሜያቸው የገፋ የደሴ እናት ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ሽሮው ለእሷ ሲቀርብ ሁለቱ የሚበሉት ምንድን ነው? በ21 ልጅቷ መለሰች። ያንኑ ሽሮ፣ ከአንድ መሶብ።

22 የእኚህ እናት መልስ ነው። ከ38ቱ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የሙስሊም ሥጋ ክርስቲያን እንደማይበላ እናትየው ያውቃሉ። ለእንግዳ ድስት መለየት ይቻላል፤ ለብቻዋ ማቅረብ ይቻላል፤ ነውር የለውም፣ በየቤቱ ይደረጋል። እሳቸው ግን እሁድን ከሥጋ አገዱት። ሁለቱ ሙስሊሞች በእሷ ምክንያት እሁድ እሁድ ሥጋ ትተዋል፣ ከአንድ መሶብ እንዲበሉ። የደሴዋም ምንም ሳትል አብራ ትታለች። ልጅቷ ይህን አይታ እንደሆነ ጠየቋት። በረንዳ ላይ የምትቀመጥበትንም ነገር አልዘለሉም። በሶላት ሰዓት ሥራ ከፈለገች ቡናውን ትቁላ አሉ፤ ሰግደው ሲነሱ የተቆላ ቡና ማግኘት የሚጠላ የለም።

እኔ ሽሮውን ስቆጥረው እንደ በደል ነበር የተሰማኝ፤ እሳቸው ግን ጓዳውን ስለሚያውቁ አዩት። ለብቸኛ ሰው ከምክር ሁሉ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው። ያለውን ነገር ሳያስተውል እንዳያልፈው የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

በ23 አንዱ የሽሮ አሠራራቸውን ጠየቃቸው፤ ወሬው ለጥቂት ጊዜ ወደ ሽምብራና ባቄላ ሄደ።

ከ24 እስከ 29

24ኛው መልስ ጠፍቷል። ኃላፊው ነው ያነሳው። ምን እንደነበረበት ያወቅኩት ከሥሩ ካሉት ነው። በ25 የጻፈችው ጸሐፊውን ልጁ ራሱ ነው ብላ ጠረጠረች። የአጥሩን በር ቀለም ጠቅሶ ኖሯል፤ ከፋቿ ደግሞ የበሩን ቀለም ጽፋ አታውቅም። 26ኛው ተስማማ። ከጠፋው ጽሑፍ የሚያስታውሰውንም ነገረን። ሰውየው በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ እንደሚያድር ጽፏል። ሁለቱ ሴቶች እናት አገኙ፣ እናት ያጣ እሱ ብቻ እንደሆነም ጽፏል።

27ኛው ከክሩ ሁሉ የከረረው ነው። እናቱን በአፉ የቀበረ ሰው እናት አጣሁ ማለት እንደማይችል፣ ያን ቀን እናትየው ልባቸው ቆሞ ቢቀሩ ለቅሶው እውነት ይሆን እንደነበር ጻፈ። ከባድ ነው፣ ግን ሐሰት የለበትም። 28ኛዋ ለልጁ ትንሽ አዘነች። ቀኑን ሙሉ በሰው የተሞላ መኪና ውስጥ ውሎ ማታ ሰው የሌለው ብዙ ወጣት እንዳለ፣ ሁለት ሴት መያዙም ከጥጋብ ይልቅ ከፍርሃት ሊመጣ እንደሚችል ጻፈች። ሁለቱም ሽማግሌ ሲጠይቁት አንዷን እንዳያጣ ፈርቶ እናቱን ገደለ፤ እንዲህ ነው ያየችው። እኔ ከ27ኛው ጋር ነኝ። የ28ኛዋንም ግን አልጥልም። ብቸኝነት ሰውን ወደ ውሸት ይገፋል። የዋሸውን ግን አያነጻውም።

29ኛዋ ስትገባ ክሩ ሌላ ሆነ። የሰኞ ገበያዋ ልጅ ናት። ጓደኛዋ ናት ጽሑፉን ያሳየቻት። ተቆጥታ እንደጀመረች ያስታውቃል፤ የቤት ገበና አደባባይ መውጣቱን አልወደደችውም። ከዚያ ግን የራሷን አወጣች። እሷም ትቀናለች። በየቀኑ ውሃ የምታመጣው፣ መድኃኒት የምትገዛው፣ በብርዱ ከሰል የምታቀጣጥለው እሷ ናት። ቅዳሜ ማታ እናትየው ቤቱን ያስጠርጓታል፣ ቄጠማ ያስገዟታል፣ ዕጣኑን ያስወጧታል። የኮምቦልቻዋ ልጅ ነገ ልትመጣ ነው። እሁድ ጠዋት ሚኒባስ ከዘገየ እናትየው አጥር ጋ ወጥተው ይቆማሉ። እሷን ግን ወጥቶ የጠበቃት ሰው የለም፤ ሁልጊዜ እዚያው ናት። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ በዘመድ ቤት እንዳደገች የጻፈችው በመጨረሻ ነው።

ሁለቱም ቅናታቸው ትክክል ነው እላለሁ። አንዷ የዘወትር ቦታ ትመኛለች፣ ሌላዋ መናፈቅን ትመኛለች። እናትየው አንድ ናቸው፣ ለሁለቱም እኩል መሆን አይችሉም። ማንም እናት አይችልም።

ከ30 እስከ 38

ከፋቿ ለቀናት ጠፋች። በ30 አንዱ ደኅንነቷን ጠየቀ። 31ኛው በመካከሉ የራሱን ጥያቄ አመጣ። ደሴ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ሲኖር መሄድ አለመሄዱን አያውቅም፣ ማንም አይጠራውም። ልጅቷ ስለ መሞት የጻፈችው ነገር እንቅልፍ እንደነሳው ገለጸ። ተከራይ ቅሬ መግባት ይችል እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ለመነ።

32ኛው በአንድ የደሴ ሰፈር ቅሬ ውስጥ በኃላፊነት የሚያገለግሉ ሰው ናቸው፤ በደንብ አብራሩ። በእነሱ ዘንድ ቅሬ የሚደራጀው በሰፈር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በየወሩ ይዋጣል። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ እንጀራና ውሃ ያቀርባሉ። የቀረ ይቀጣል። ተከራይም ተመዝግቦ መግባት ይችላል። የሚፈለገው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በሰው ለቅሶ መገኘት ነው። 33ኛው የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ አጥብቆ ተቃወመ። እሱ ተከራይ ነህ፣ ነገ ትሄዳለህ ተብሎ ተመልሷል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ቀብር አልገኝ ብሎ እየተቀጣ እንዴት ይዘልቃል ብሎም ጠየቀ። 34 ላይ የቅሬው ሰው ትንሽ ቆጣ ብለው መለሱ። አንዱ ቅሬ ባጠፋው ሁሉም እንዳይሰደብ አሳሰቡ። የፈረቃውን ነገር ግን አልመለሱም። ይህ መመለስ ያለበት ነገር ነው። ከተሞቹ ተለውጠዋል፤ ደንቡ በፊት በተጻፈበት መቆየት የለበትም።

በ35 ከፋቿ ተመለሰች። ልጁ ታርቆ ለመግባት አማላጅ ልኮ ነበር። እናትየው ሁለቱን ቁጭ አድርገው ማንኛቸው እንደምትፈልገው ጠየቁ። ማንኛቸውም አልፈለጉትም። ልጁ እንደ ልጅነቱ ወደ ቤት እንዲገባ፣ እሁድ ቡና ላይ ግን እንዳይኖር ተወሰነ። ቡናውንም ተከፋፍለዋል፤ እሁድ የምትቆላው እሷ ናት፣ ሌላውን ቀን የደሴዋ። ቅናቱ እንዳልለቀቃት አልደበቀችም። አሁንም ማን ከጎናቸው እንደተቀመጠ ታያለች።

ሌላም ነገር ጻፈች። እናትየው የቅሬው ሰብሳቢ ጋ ሄደው በእሳቸው ቤተሰብ ሥር እንድትመዘገብ ጠይቀውላታል። ብትሞት ከሸዋ በር ሰው ወርዶ እንዲያነሳት ነው። ሽማግሌዎቹ ተቸግረዋል። ልጅ አይደለችም፣ ምራት አይደለችም፣ ዘመድ አይደለችም። እናትየውን ልታለቅስ የመጣች ልጅ ምን ተብላ ትጻፍ? አንዱ ሽማግሌ ልጁን ብታገባው መዝገቡ እንደሚቀል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እናትየው ራሳቸው እንቢ አሉ።

36ኛው መዝገብ በሥጋ ወይም በጋብቻ ካልሆነ ሁሉም ሰው እየመጣ ይጻፍልኝ እንደሚል ተከራከረ። 37ኛዋ ያችው በ12 የጻፈችው የፓርኩ ሠራተኛ ናት። በግቢያቸው ያሉ ተከራዮች የራሳቸውን ቅሬ ለማቋቋም መነጋገር ጀምረዋል። የሌሊት ፈረቃው የቀኑን ቀብር፣ የቀኑ ፈረቃ የማታውን ለቅሶ እንዲይዝ አስበዋል። የ31ኛውን ሰው ቢፈልግ መጥቶ እንዲያይ ጋብዛዋለች፤ የ36ኛውን ግን ሲሞት ማን እንደሚያነሳው ጠየቀችው።

38ኛዋ የደሴዋ ልጅ ናት። እናትየው ቅሬው ጋ ሄደው ለአንዷ ብቻ መጠየቃቸውን የሰማችው ከዚህ ክር ነው። የራሷ ስም ያለው በአክስቷ ቅሬ ነው፤ አክስቷ ደግሞ አርጅተዋል። የሚጻፍ ከሆነ ሁለታቸውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል እንዲጻፉ ትፈልጋለች። አለዚያ ስብሰባው ላይ ራሷ ተነስታ ትቃወማለች። ሁለቱም ቢጻፉ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። ስብሰባው ወሩ ሲያልቅ ነው፤ ክሩም ገና አልተዘጋም።